ከካራቴ በኋላ ምን እንማር?

(በማኅበሩ የስፖርት ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ርእስ «ካራቴ ወይም ቴኳንዶ የተማረ ሰው ቀጥሎ የትኛውን ማርሻል አርት ቢይዝ ይሻለዋል?» የሚል ነው። ርእሱ እንዲያው ለጨዋታ የተመረጠ አለመሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክበባችን አዳራሹን በሳምንት አንድ ማታ በተጨማሪ እንዲሠራበት ተፈቅዶለታል፤ በሣጥኑም ውስጥ ጥቂት ገንዘብ አለ። ባንድ ወገን ያሉት አባሎች «ማታውም ገንዘቡም ለካራቴው ይዋል፤ አዲስ ጓንትና አዲስ የመምቻ ከረጢት ይገዛ» ይላሉ። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ «መማታቱስ ለጊዜው ይበቃናል፤ ፍራሽ ተገዝቶ መያዝንና መጣልን እንማርበት» ይላሉ። ክርክሩ እየጋለ ሄዶ ባለፈው ሳምንት በዚሁ አዳራሽ ውስጥ «ከሐዲ» የሚል ቃል ሲወረወር ተሰምቷል። እኔ ስድስት ዓመት በካራቴ፥ ከዚያም በኋላ አራት ዓመት በጁዶ ያሳለፍሁ ሰው ነኝና ቃሉ እኔንም ሳይነካኝ አላለፈም። ስለዚህ ገለልተኛ ዳኛ ነኝ ብዬ አላታልላችሁም፤ የምለውን ሰምታችሁ ራሳችሁ ፍረዱ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሰባትና ስምንት እየቀነሳችሁ መከተል የምትፈልጉ ካላችሁ ድካሙ የናንተ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ ከመንገዳችን ላይ ላንሣ። እርሱም «ከሁሉ የሚበረታው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ «አንበሳና አዞ ቢጣሉ ማን ያሸንፋል?» እንደሚለው የልጆች ጥያቄ ነው። ጠቡ በወንዝ ውስጥ ነው ወይስ በደረቅ መሬት? ሳይባል መልስ የለውም። በማርሻል አርት ዘንድ ወንዙና ደረቁ መሬት ደንቡ ነው። ደንብ ስል የሕግ ተማሪዎች ደስ እንዳይላቸው፤ የምናገረው ስለ ግጥሚያ ደንብ ነው፤ ይኸውም ምን መምታት ይፈቀዳል፥ ምን መያዝ ይከለከላል፥ ዳኛው መቼ ያቆማል የሚለው ነው።

ደንብ ግጥሚያን ብቻ አይደለም፥ ሰውነትንም ይሠራል። በአገራችን እጅግ የተስፋፋውን ቴኳንዶን እንውሰድ። በኦሊምፒክ በሚሠራበት ደንብ ራስን በእግር መምታት ከፍ ያለ ነጥብ ያሰጣል፤ ራስን በቡጢ መምታት ግን ክልክል ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ በዚህ ደንብ አምስት ዓመት ቢሠለጥን፥ ማንም ፊቱን በቡጢ አይመታውምና እጁ ቀስ በቀስ ከፊቱ ይወርዳል። አስተማሪው «እጅህን አንሣ» እያለ ቢጮኽም ሰውነቱ የሚሰማው አስተማሪውን ሳይሆን ደንቡን ነው። ከ2012ቱ የለንደን ጨዋታ ጀምሮ ደግሞ በኦሊምፒክ ነጥብ የሚቈጥር የኤሌክትሮኒክ ሰደርያ ስለ ገባ፥ የፊተኛውን እግር አንሥቶ እንደ ጦር ወድሮ መቆም የተለመደ ሆነ። በሌላው ማለትም በ1966 በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን ደንብ ፊትን በጓንት መምታት ይፈቀዳልና የዚያ ተማሪዎች እጃቸው ከፍ ይላል። ስሙ አንድ ቢሆንም ሰውነቱ ሁለት ነው።

ማስ ኦያማ ወደ መሠረተው ወደ ኪዮኩሺን ካራቴ ብንሄድ ደግሞ፥ ያለ ጓንት ደረትንና ሆድን በሙሉ ኀይል መምታት ይቻላል፤ ፊትን በእጅ መምታት ግን አይቻልም። በዚህም ምክንያት ተጋጣሚዎቹ ደረት ለደረት ተጠጋግተው፥ እንደ ሁለት በሬ ይገፋፋሉ። በሾቶካን በኩል ቡጢው ዒላማው ዘንድ ሲደርስ እንዲገታ ይፈለጋል። ይህን በሚመለከት በቶክዮ ኦሊምፒክ የሆነውን ሳታስታውሱት አትቀሩም። ጨዋታው የ2020 ይባል እንጂ የተደረገው በ2021 ነው። በካራቴው የከባድ ሚዛን ፍጻሜ የሳውዲ ዐረቢያው ታሪግ ሐሚዲ በነጥብ እየመራ ሳለ የኢራኑን ሳጃድ ጋንጅዛዴን ራሱን በእግሩ መትቶ ጣለው። ኢራናዊው ራሱን ስቶ በቃሬዛ ወጣ። ዳኞቹ ተማክረው ሐሚዲን «ከልክ በላይ መትተሃል» ብለው ከግጥሚያው አስወጡት፤ የወርቁን ሜዳልያ የወሰደው ተኝቶ የወጣው ሰው ሆነ።

በዚህ ብዙ ሰው ሣቀ። እኔ የሚያሥቅ ነገር አላየሁበትም። ቡጢን የመግታት ልማድ ባይኖር ኖሮ፥ የካራቴ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ከጓደኞቹ ጋር ሲለማመድ ኖሮ ጥርሱን ይዞ ወደ ክፍሉ አይገባም ነበር። ነገር ግን ልማዱ ዋጋ አለው። ለብዙ ዓመት የተገታ ቡጢ የሚልክና የተገታ ቡጢ የሚቀበል ሰው፥ ቡጢው ሳይገታ ሲቀር ምን እንደሚሆን አያውቅም። ከዚህም ይልቅ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ተጋጣሚው ቡጢውን አልፎ ገብቶ ወገቡን ሲያቅፈው ምን እንደሚያደርግ። በካራቴ ግጥሚያ ሁለቱ ሲተቃቀፉ ዳኛው «ያሜ» ብሎ ያላቅቃቸዋል። ከአዳራሹ ውጭ ይህን የሚል ዳኛ የለም።

ስለዚህ ጉዳይ ሦስት የታወቁ ግጥሚያዎችን ባጭሩ ላንሣ።

የመጀመሪያው በ1963 በአሜሪካ በሶልት ሌክ ሲቲ የተደረገው ነው። ጂን ለቤል የተባለ የጁዶ ሰው ማይሎ ሳቬጅ ከተባለ ቦክሰኛ ጋር ገጠመ። ቦክሰኛው ቀላል ሰው አልነበረም፤ እስከ አራተኛው ዙር ድረስ ቆየ። በአራተኛው ዙር ግን ለቤል ጥሎ አነቀው፥ ሳቬጅም ራሱን ሳተ።

ሁለተኛው በ1976 በቶክዮ ሙሐመድ ዐሊ ከጃፓናዊው ታጋይ ከአንቶኒዮ ኢኖኪ ጋር ያደረገው ነው። ይህን ግጥሚያ አይተው የተሰላቹ እንጂ የተደሰቱ ጥቂቶች ናቸው። ኢኖኪ 15ቱን ዙር አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ተኝቶ የዐሊን እግር ሲረግጥ ዋለ፤ ዐሊም እጅግ ጥቂት ቡጢ ብቻ ሰነዘረ። ውጤቱ እኩል ለእኩል ተባለ። ነገር ግን ዐሊ በእግሩ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሆስፒታል ገብቷል። የዘመኑ ታላቅ ቦክሰኛ መሬት ላይ የተኛን ሰው ምን እንደሚያደርገው የተማረበት ቦታ አልነበረውም።

ሦስተኛው በኅዳር ወር 1993 በዴንቨር ከተማ የተደረገው ውድድር ነው። ካራቴ፥ ቦክስ፥ ሱሞ፥ የፈረንሳይ እርግጫ የተማሩ ሰዎች በአንድ ማታ ተጋጠሙ። ያሸነፈው 80 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ቀጭን የብራዚል ሰው ሮይስ ግሬሲ ነበር። ሦስቱን ግጥሚያዎቹን የጨረሰበት ጊዜ ቢደመር አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ሁሉንም ያሸነፈው እየያዘ፥ እየጣለ፥ እጃቸውን እንዲሰጡ እያስገደደ ነው። ከዚያ ማታ በኋላ በዓለም ላይ ያሉ የካራቴ ተማሪዎች እንቅልፍ አጡ ቢባል ማጋነን አይሆንም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ውድድሩን ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ የሮይስ ታላቅ ወንድም ሮርየን ነበር። ሻጩ ራሱ ሚዛኑን ሲይዝ ገዢው ዐይኑን መክፈት አለበት።

ደግሞም ታሪኩ በዚያ አልቆመም። በ2009 በዚያው ውድድር የመካከለኛ ከባድ ሚዛን ሻምፒዮና የሆነው ሊዮቶ ማቺዳ ነው። ማቺዳ በብራዚል የሚኖር የጃፓናዊ የሾቶካን አስተማሪ ልጅ ነው፤ ያሸነፈውም ራሻድ ኢቫንስ የተባለውን በኮሌጁ ትግል የሠለጠነ ሰው በሁለተኛው ዙር በቡጢ ጥሎ ነው። የካራቴ ወዳጆች በዚህ ቀን ጨፈሩ። ሆኖም ማቺዳ ከካራቴው ጋር ሱሞን ተምሯል፥ በብራዚል ጁጂትሱም ጥቁር ቀበቶ አለው። ካራቴው የሠራለት፥ ማንም ይዞ ሊጥለው እንዳይችል አስቀድሞ ስለ ተማረ ነው። ከላይ ያሉት ሦስት ግጥሚያዎች ካስተማሩኝ ይልቅ ይህ የበለጠ አስተምሮኛል።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ። መማታትን የተማረ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ርቀት መለካት ያውቃል፤ ተጋጣሚው ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንዳደረገ ያያል፤ ኀይል ከወገብ እንጂ ከትከሻ እንደማይመጣ ተምሯል፤ በሰዓቱ መምጣትንና ለአስተማሪ መታዘዝንም ለምዷል። አዲሱ ትምህርት ከዚህ ሀብት የሚጠቀም፥ የጎደለውንም የሚሞላ ቢሆን መልካም ነው። አንዱን የመማታት ስልት ትቶ ሌላውን የመማታት ስልት መያዝ፥ ለምሳሌ ከሾቶካን ወደ ታይላንድ ቦክስ መሄድ፥ ክርንና ጉልበትን መምታት ያስተምራል፤ አንገት ለአንገት ተያይዞ መታገልም አለበትና አይናቅም። ይሁን እንጂ ሁለተኛ ኮት ከመግዛት በፊት ሱሪ ቢኖር ይሻላል።

የእኔ ምርጫ ጁዶ ነው። ምክንያቶቼን ልስጥ።

ጁዶን የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ ነው። በ1882 ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣ፥ ዕድሜው ከሀያ አንድና ሁለት ሳያልፍ፥ በቶክዮ በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ምንጣፍ በምታህል ቦታ ጀመረው። ተማሪ ሳለ በሰውነቱ ማነስ ጉልበተኞች ያስቸግሩት ስለ ነበር የድሮውን ጁጂትሱ መማር ጀመረ፤ አንዱን ትምህርት ቤት ሲጨርስ ወደ ሌላው ሄደ። ከሁለቱም የተማረውን መርጦ፥ አካል የሚያጎድሉትን አውጥቶ፥ ሁለት ሰዎች በሙሉ ኀይላቸው እየተጣጣሉ ሊለማመዱት የሚችል ነገር አደረገው። ትልቁ ሥራው ይህ ነው። ቡጢን በሙሉ ኀይል ከጓደኛ ጋር በየቀኑ መለማመድ አይቻልም። መጣልን ግን ይቻላል፤ ምክንያቱም የሚወድቀው ሰው አስቀድሞ አወዳደቅ ተምሯል።

አወዳደቅን በተለይ ላንሣው። አንድ ጀማሪ በጁዶ ቤት ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሳምንቶች የሚያሳልፈው በመውደቅ ነው፤ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፥ በክንዱ ፍራሹን እየመታ፥ ወደ ኋላ፥ ወደ ጎን፥ ወደ ፊት። ይህን የሚያይ የካራቴ ሰው ይሰለቻል። ነገር ግን እዚህ ከተቀመጥነው መካከል በሕይወታችን ሰው በመንገድ ላይ የሚደበድበን ስንቶቻችን ነን? በዝናብ ጊዜ በጭቃ ላይ፥ ወይም በሰም በተወለወለ ደረጃ ላይ ተንሸራተን የምንወድቀውስ ስንቶቻችን ነን? በክረምት ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ወድቆ እጁን የሰበረ ሁሉ ጥቁር ቀበቶ ቢኖረውም አይጠቅመውም ነበር፤ የጁዶ የሁለት ወር ትምህርት ግን በጠቀመው ነበር።

ለካራቴ ሰው የሚቀርበውም የጁዶ ክፍል አለ፤ እግርን የመጥረግ ስልት ነው። ተጋጣሚው ሲራመድ ክብደቱ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ቅጽበት፥ እግሩ መሬት ሊነካ ሲል ጠርጎ መጣል ነው። ኀይል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ያችን ቅጽበት ማየት ነው። የካራቴ ተማሪ ይህን ቅጽበት ለማየት ለዓመታት ሠልጥኗል። የእጅ አያያዙን ከለመደ በኋላ በዚህ ከሌሎች ጀማሪዎች ይቀድማል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የካራቴ ሰው ሲያዝ ሰውነቱን እንደ እንጨት ያደርቃል፤ የደረቀ እንጨት ደግሞ በቀላሉ ይገነደሳል። ስድስት ወር ያህል ከእርሱ በኋላ የጀመሩ ልጆች ሳይቀሩ ይጥሉታል። ጣቶቹ ከጨርቅ ጋር ሲታገሉ ይቆስላሉ፤ ትከሻና ጉልበትም ይጎዳሉ። ጁዶ ለስላሳ መንገድ ማለት ነው ሲባል ፍራሹ ለስላሳ ነው ማለት አይደለም።

ጁዶም ቢሆን ደንቡ የሠራው ሰውነት አለው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ2010 ጀምሮ በ2013 አጥብቆ እግርን በእጅ መያዝን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ የሠለጠነ ተጋጣሚ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሊይዝ የሚመጣውን ሰው እንደ ቀደሙት አድርጎ መከላከል አያውቅም። አስተማሪው የቀድሞውን ጭምር የሚያስተምር ቢሆን ይህ ጉድለት ይሞላል።

የብራዚል ጁጂትሱ የጁዶ ልጅ ነው። ሚትሱዮ ማኤዳ የተባለ የካኖ ትምህርት ቤት ሰው በ1914 ብራዚል ገብቶ፥ በኋላ በቤሌም ከተማ ካስተማራቸው መካከል ካርሎስ ግሬሲ ይገኛል። ካርሎስና ወንድሞቹ የመሬቱን ትግል ይበልጥ አስፋፉት። ልጁ ወላጁን ሊፈትን በ1951 በሪዮ ደ ጃኔይሮ በማራካና ስታዲየም ሄሊዮ ግሬሲ ከጃፓናዊው የጁዶ ሻምፒዮን ከማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ገጠመ። ኪሙራ ክንዱን ጠምዝዞ ያዘው፤ ሄሊዮ ክንዱ እየተጎዳ እጅ አልሰጥም አለ፤ ከጎኑ የነበሩት ወንድሙ ጣልቃ ገብተው አስቆሙት። ብራዚሎችም ያን የክንድ አያያዝ እስከ ዛሬ «ኪሙራ» ብለው ይጠሩታል። በተሸነፉበት ስልት ላይ የአሸናፊያቸውን ስም የሚያኖሩ ሰዎች ትምህርታቸው እውነተኛ መሆኑን እገምታለሁ።

ይህ ስልት በተለይ ለትንሽ ሰው ይጠቅማል። እኅቶቻችን በዚህ ክበብ ውስጥ ደጋግመው ያነሡት ጥያቄ «እጄን ቢይዘኝስ? ከበላዬ ቢሆንስ?» የሚል ነው፤ ለዚህ ጥያቄ የመማታት ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት መልስ ብዙውን ጊዜ «እንዳይዝሽ ምቺው» የሚል ነው። መልሱ አይበቃም። የብራዚሎቹ ትምህርት ግን የሚጀምረው ሰው ከተያዘ በኋላ ነው፤ ከሥር ሆኖ መተንፈስ፥ ወገብን ማውጣት፥ መነሣት። ለመውደቅ የማይመች ጀርባ ወይም ጉልበት ላለውም ከጁዶ ይቀላል። ጥቁር ቀበቶው ብዙውን ጊዜ ዐሥር ዓመት ያህል ስለሚፈጅ፥ በሦስት ዓመት ማስታወቂያ ላይ ፎቶግራፉን ሊያወጣ ለሚፈልግ አይሆንም። አንድ ጉድለቱን ልናገር፦ በውድድራቸው ተጋጣሚው ሳይነካው ራሱ መሬት ላይ የሚቀመጥ አለ። ፍራሽ ላይ ያምራል፤ በአስፋልት ላይ ግን የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ትግል ደግሞ ከሁሉ የሚረክሰው ነው። ልዩ ልብስ አያሻውም። የኦሊምፒኩ ትግል ሁለት ዓይነት ነው፤ በግሪኮ ሮማን ከወገብ በታች መያዝ ክልክል ነው፥ በነጻው ግን እግርም ይያዛል። ከገጠር ለመጣነው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከብት ጠብቆ ያደገ ሰው ሁሉ በሣር ላይ ታግሎ አድጓል፤ ጠልፎ መጣልን ያስተማረው ጃፓናዊ የለም። በክበባችን ውስጥ በካራቴ የሚበልጡትን ሁሉ በትግል የሚጥል የገጠር ልጅ እንዳለ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ስሙን አልጠራም። ትግልን የሚያከብደው አድካሚነቱ ነው። ሁለት ቀን ሳይተኛ ለፈተና ያጠና ሰው በሦስተኛው ቀን ትግል ሊሠራ አይችልም።

ስለ ሳምቦ ባጭሩ፦ ከጁዶና ከልዩ ልዩ የትግል ዓይነቶች በሶቪየት ኅብረት የተቀመመ ጠንካራ ስልት ነው፤ አስተማሪ ያገኘ ይማረው። አይኪዶን በተመለከተ ውበቱን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን አብዛኛው ልምምዱ ተጋጣሚው በሚተባበርበት ሁኔታ ስለ ሆነ፥ ከካራቴ ለሚመጣ ሰው የጎደለውን አይሞላለትም።

ቦክስ ግን ብዙ ጠያቂ ስላለው በዝምታ ላልፈው አልችልም። እጅን ለማስተካከል፥ ራስን ለማንቀሳቀስ፥ ቡጢ መጥቶ ሲነካ አለመደንገጥን ለመማር ቦክስን የሚያህል የለም። አደጋው ራስ ላይ ነው። ሐሪሰን ማርትላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በቡጢ ብዛት የደነዘዙ ቦክሰኞችን ሁኔታ በሕክምና መጽሔት የጻፈው በ1928 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር ሁሉ ጉዳዩን አጠናከረው እንጂ አላቀለለውም። ደጋግሞ የሚመጣ ቀላል ምት ጭምር ይጎዳል። ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ የመጣነው ለራሳችን ስንል ነው፤ ራሳችን ስል ከአንገት በላይ ያለውን ማለቴ ነው። ከረጢት እየመታችሁ፥ በጥላ እየተለማመዳችሁ ቦክስን ተማሩ፤ በየሳምንቱ ፊት ለፊት እየተደባደቡ ልምምድ ነው ማለትን ግን አልደግፍም። ማነቅስ አይጎዳም ወይ? የሚል ይኖራል። አንገት ሲታነቅ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል፥ ሰውም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ነው በጁዶም በብራዚሉም ቤት የመጀመሪያው ሕግ፥ የተያዘው በእጁ መታ መታ ሲያደርግ ወዲያው መልቀቅ የሆነው። ይህን ሕግ የሚያላግጥበት ሰው ካለ ከፍራሹ ላይ ይውጣ።

እስከ አሁን የተናገርሁት ሁሉ ግን አስተማሪው መልካም እንደ ሆነ ነው። ከደካማ የጁዶ አስተማሪ ይልቅ መልካም የቦክስ አስተማሪ ይሻላል። አዲስ ቤት ስትሄዱ ጥቁር ቀበቶ ያሠሩትን አትመልከቱ፤ እነርሱ የትም ቢሆን ያምራሉ። ሁለት ወር የሆናቸውን ተመልከቱ። ፍርሃት አለባቸው? ይሣቃሉ? ትልልቆቹ በትንንሾቹ ላይ ጉልበታቸውን ይፈትናሉ ወይስ ይጠነቀቁላቸዋል? አስተማሪው ቁጭ ብሎ ማየትን ይፈቅዳል? ራሱስ ፍራሹ ላይ ይወጣል ወይስ በወንበሩ ላይ ሆኖ ስለ ቀድሞ ጀግንነቱ ያወራል? የተጎዳ ተማሪ «ዛሬ አልችልም» ሲል ምን ይመልስለታል? የቤቱም ርቀት ትንሽ ነገር አይደለም። በሁለት ታክሲ የሚኬድበት ዝነኛ ቤት ከሦስተኛው ወር አያልፍም፤ በእግር የሚደረስበት ተራ ቤት ዓመታት ያቆያል።

አሁን ወደዚያ ወደ ተወረወረው ቃል ልመለስ። ከአንዱ አስተማሪ ወደ ሌላው መሄድ ክሕደት ነው ለሚሉት ወንድሞቼ የራሳቸውን ታሪክ ላስታውሳቸው። የሾቶካን አባት ጊቺን ፉናኮሺ ራሱ በኦኪናዋ ከሁለት ታላላቅ መምህራን፥ ከአዛቶና ከኢቶሱ ተምሯል። በ1922 ካራቴን ሊያሳይ ቶክዮ በመጣ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቱ ጋብዞ ስልቱን እንዲያሳይ ያደረገው ማን ነበር? የጁዶው ካኖ ነው። ዛሬ እናንተ የምትለብሱት ነጭ ልብስ የተወሰደው ከጁዶ ነው። «ከሐዲ» ያለው ወንድማችን ያን ቀን የታጠቀው ቀበቶ፥ ከነደረጃው፥ የካኖ አሳብ ነው፤ ፉናኮሺ የመጀመሪያዎቹን የጥቁር ቀበቶ ደረጃዎች ለተማሪዎቹ የሰጠው በ1924 ነው፥ ይኸውም ካኖ ያንኑ ከጀመረ ከአርባ ዓመት በኋላ። «ካራቴ» የሚለው ስም ራሱ አስቀድሞ «የቻይና እጅ» በሚል ፊደል ይጻፍ ነበር፤ «ባዶ እጅ» የሆነው በኋላ ነው። ቻይና ለኦኪናዋ፥ ኦኪናዋ ለቶክዮ፥ ቶክዮ ለብራዚል እያበደሩ የመጣ ነገር ነው። በዚህ አዳራሽ ብቻ መበደር ኀጢአት የሚሆንበትን ምክንያት አላየሁም።

ይህን ስል የአስተማሪን ውለታ መርሳት ይገባል ማለቴ አይደለም። የሚሄድ ሰው በጓሮ በር አይጥፋ፤ አስተማሪው ዘንድ ሄዶ አሳቡን ይንገረው። በአዲሱም ቤት ነጭ ቀበቶ ይታጠቅ፥ «እኔ እኮ በካራቴ...» ማለትን በልቡ ይያዝ። ለብዙ ዓመት ሲያስተምር የኖረ ሰው ከዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሥር ተጥሎ ጣራ ሲመለከት መቆየቱ ቀላል አይደለም። ከካራቴ ወጥተው ሌላ የሞከሩ ብዙዎች የሚመለሱት ስልቱ ስላልተስማማቸው ሳይሆን ይህን ስላልቻሉት ነው።

ስለ ገንዘቡ የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። ጓንቶቹ አርጅተዋል የሚለው እውነት ነው፤ ግን ሊሰፉ ይችላሉ። ፍራሽ ግን አይሰፋም፤ ከሌለ የለም። በባዶ ሲሚንቶ ላይ መጣልን የሚማር ደግሞ አይኖርም። ስለዚህ በሣጥኑ ያለው ገንዘብ ፍራሽ ይገዛበት፤ ለመላው አዳራሽ ባይበቃ ለግማሹ ይብቃ። ተጨማሪዋ ማታ ለአንድ የትምህርት ዘመን ለመያዝና ለመጣል ትምህርት ትዋል፤ የካራቴው ሦስት ማታ እንዳለ ይቆይ። ፍራሹ በሌሎቹ ማታዎች ለካራቴውም ይጠቅማል፤ እግር መጥረግ በካራቴ ውስጥም አለና፥ እስከ ዛሬ የማንለማመደው ወዳቂው ስለሚጎዳ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ስንት ሰው እንደ ቆየ፥ ስንት ሰው እንደ ተጎዳ በመዝገብ ተይዞ ለጠቅላላው ጉባኤ ይቅረብ፤ ካልሠራ ማታዋ ለካራቴው ትመለስ። አሳቡን የምትደግፉም የምትቃወሙም ስማችሁን ከበሩ አጠገብ በተቀመጠው ደብተር ላይ እንድትጽፉ ኮሚቴው ጠይቋል። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ፤ አዳራሹ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል የእኛ ነው።